ኢንሹራንሱ እስኪጸና አትመርመር

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ ስለጠማው ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አላውቅም። ሙቀቱ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይጠማዋል፣ ሁሉም ይጠጣል። እኔ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የምይዘው ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ፀሐይዋ ገና ሳትከር ባዶ መሆን ሲጀምር ምንም አልመሰለኝም። ሽንት ቤት መመላለሴንም የጠጣሁት ነው ብዬ አለፍኩት። ሱሪዬ ሲሰፋኝ ከራሴ መደርደሪያ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ያለ አውርጄ ለበስኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከእሱም ዝቅ ያለ። የገበያው ሰው "ጀማል ሸንቀጥ ብለሃል፣ ምን ተገኘ?" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቦርጩ የጠፋለት ሰው የታመመ አይመስለውም።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ያዘነልኝ ሰው ይበቃኛል። የምጽፈው እንደ እኔ "ብልጥ ነኝ" የሚል ሰው በየገበያው ስለማይጠፋ ነው።

ድካሙ ሲብስብኝ መጀመሪያ የሄድኩት ሱቄ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ነው። ደም ወስደው "ታይፎይድ ነው" አሉኝ። ደከመኝ ብሎ ሄዶ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ለጥቂት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ሽንቴ ስለሚበዛ "ኩላሊትህን ብርድ መትቶታል" አለኝ። በዚህ ሙቀት ብርዱ ከየት መጣ ብዬ ስቄ እንክብሌን ይዤ ወጣሁ። ስለ ስኳር የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁም።

ነገሩን የደረሰችበት ባለቤቴ ፈትሒያ ናት። ሽንት ቤታችን ውስጥ ሽንቴ የነካው ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ይህን ምልክት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

"ጀማል፣ ይሄ ስኳር ነው" አለችኝ። "ነገ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር።"

"ጉንዳን ድሬ ውስጥ የት የለም?"

"አቦ አትቀልድብኝ። ጣትህን ወጋ አድርገው የሚያዩት ነገር ነው።"

ልሄድ ነበር። ወላሂ ልሄድ ቆርጬ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ኻሊድ የኢንሹራንሱን ነገር ይዞ መጣ።

ኻሊድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ሥራው የኢንሹራንስ ወኪልነት ነው። ለመኪናው፣ ለሱቁ፣ ከጅቡቲ ለሚመጣው ዕቃ ውል ያስገባል። እዚህ ከተማ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ እኛ ወንዶቹ ያን ሰዓት በርጫ ላይ ጫት እየቃምን እናሳልፋለን። ኻሊድም ሥራውን የሚሠራው እዚያ ነው። የታይዋን ነጋዴዎች በቡድን ተሰባስበን የሕክምና ኢንሹራንስ እንድንገባ እያግባባን ነበር። ነጋዴ ብቻውን ሲመጣ ኩባንያዎቹ ፊት አይሰጡትም፤ በቡድን ሲሆን ግን ይቀበላሉ አለን። ከታመምክ ጥሩ ጥሩ የግል ሆስፒታሎች ይወስዱሃል፣ ሂሳቡን እነሱ ይዘጋሉ።

ሰው ሲበታተን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ፈትሒያ ያለችውን ነገርኩት። ኻሊድ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጡን አቆመ።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ገና አልተመረመርኩም።"

"ሀዬ፣ ጥሩ። ስማኝ ጀማል፣ አሁን እንዳትመረመር። ስኳር አለብህ ተብሎ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ቀድሞ የነበረ ሕመም ይሉታል፣ አይሸፍኑልህም። ቡድኑ ይሙላ፣ ውሉ ይፈረም፣ ከፊርማው በኋላ ለሕክምና የማይከፍሉበት የመጠበቂያ ጊዜ ይለፍ። ከዚያ ሄደህ ተመርመር፣ ያኔ አዲስ ሕመም ነው። ስኳር አቦ ዛሬ የሚገድል ነገር አይደለም።"

ምክሩ በጣም ጣመኝ። ፍርሃቴን ብልጠት ብሎ ስም አወጣለት። መርፌውን ፈርቼ ሳይሆን አስቤበት የቀረሁ ሆንኩ፤ ለፈትሒያም በኩራት ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ ማወዳደር ሥራዬ ሆነ። ጂንስ ስገዛ ስፌቱን፣ ዚፑን፣ ቀለሙን እንደማገላብጠው እያንዳንዱን ውል አገላበጥኩት። የፈትሒያ ወንድም ሙራድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ስለሆነ ፋብሪካው የሚገባለትን ኢንሹራንስ በዝርዝር ጠየቅኩት። እሱ ጥሩ ነው፤ ስማቸው በውሉ የተዘረዘረ ክሊኒኮች አሉ፣ መታወቂያህን አሳይተህ ትገባለህ፣ ሚስትና ልጆችንም ያካትታል። ነገር ግን በዓመት ከዚህ በላይ አንከፍልም የሚሉት ጣሪያ አለው፣ ከሥራ የወጣህ ዕለት ደግሞ አብሮ ይቀራል። ታምሞ ከሥራ የወጣ ሰው ኢንሹራንሱን የሚያጣው ሲያስፈልገው ነው ማለት ነው። ይህን በርጫ ላይ ሳስረዳ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ወደኛ ስንመለስ ኻሊድ ሁለት ኩባንያ ይዞ ነበር። አንደኛው ርካሽ ነው፣ የሚያሳክምባቸው ቦታዎች ግን ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው ከወለድ ነፃ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከኛ ውስጥ ሃይማኖቱን የሚያጠብቁት ኢንሹራንስ ሐራም ነው ብለው ስለነበር እሱን ካልሆነ አንገባም አሉ። የሃይማኖት ሊቅ የሆነ ዓሊም ይጠየቅ ተባለ። ተጠየቀ። ከዚያ አንዱ ሁለት ሚስት ስላለኝ ሁለቱም ይካተቱ አለ። እንዲህ እየተባለ ጊዜው ሄደ። እኔም ሌሊት ሌሊት ውሃ እየጠጣሁ፣ ቀን ቀን ጣሪያና ዝርዝር እየተነተንኩ ቆየሁ። ከኻሊድ ይልቅ እኔን የሚጠይቁኝ ሰዎች በዙ።

ሌላም ነበር፤ የማህበረሰብ ጤና መድን የሚባለው፣ በተለምዶ የቀበሌው መድን የምንለው። በዓመት አንዴ ከፍለህ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከማል። ቀድሞ ያመመህን አይጠይቅም። በዚያው ወራት የምዝገባው ጊዜ ስለነበር ፈትሒያ ልመዝግበን አለች።

"እሱ ለድሃ ነው" አልኳት። "ጤና ጣቢያ ተሰልፈሽ፣ ሪፈር አጽፈሽ፣ ሆስፒታል ተሰልፈሽ። መድኃኒቱም የለም ይሉሻል። ትልቁ እየመጣልን ይሄ ምን ይሠራልናል?"

"ትልቁ እስኪመጣ።"

"ሁለት ቦታ መክፈል ምን የሚሉት ነው?"

 የምዝገባው ጊዜ አለፈ። ስለ ሰልፉም፣ ስለ መድኃኒቱ መጥፋትም የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሰው ራሱን በቀላሉ የሚያታልለው።

ውሉ በመጨረሻ ተፈረመ፤ የመጠበቂያው ጊዜም መቆጠር ጀመረ። ቁስሉ የመጣው ያኔ ነው። አዲስ ነጠላ ጫማ ቀኝ እግሬን ልጦት ነበር፤ ግን አላመመኝም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሳደርግ እግሬን አጥባለሁ፤ አምስት ጊዜ አየዋለሁ። ትንሽ ነበር። ከዚያ ጠርዙ ነጣ፣ መሐሉ ጠቆረ። የማያም ቁስል አደገኛ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ ስኳር የእግርን ስሜት እንደሚገድል ያወቅኩት እግሬ ከሄደ በኋላ ነው። ማር ቀባሁት፣ ዱቄት ነሰነስኩበት፣ ካልሲ አጠለቅኩበት። በድሬ ሙቀት ካልሲ ያደረገ ነጋዴ ሲታይ ያስቃል፤ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ፈትሒያ ሽታው ደረሳት። ካልሲዬን አውልቃ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"ጀማል፣ ይሄ እግር እየሞተ ነው።"

"ትንሽ ቀርቶታል" አልኳት። ውሉን ማለቴ ነው። እሷ ስለ እግሬ ታወራለች፣ እኔ ስለ ውሉ።

ደግሞ የሚያሳዝነው፣ የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ። ኻሊድ ደውሎ "ማሻአላህ፣ ጸንቷል" አለኝ። ልሂድ ስለው ደግሞ "ወዲያው ከሄድክ ይጠረጠራል፣ ትንሽ ቆየት በል" አለ። ቆየሁ። እንግዲህ ይህን ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል፤ በሩ ተከፍቶልኝም ደጅ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቁ ላይ ወደቅኩ። ትኩሳቱ እንደ እሳት ነበር፤ እዘባርቅ ነበር አሉ። ሙራድና ፈትሒያ በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ስነቃ እግሬ አካባቢ የቆመ ወጣት ሐኪም አየሁ። "ጋንግሪን ነው" አለኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥጋው ሞቷል ማለት ነው አለኝ። ሞቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት።

"ጣቶቹን ብቻስ?" አልኩት። ያኔም እየተከራከርኩ ነበር።

"ቀደም ብለህ ብትመጣ ጣት ብቻ ይሆን ነበር" አለኝ። ልጁ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆረጡኝ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። የሌለ እግር እንደሚያሳክክ፣ ሰው ተጎንብሶ ሊያከው ሲል አንሶላ ብቻ እንደሚያገኝ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ተዉት። ከሁሉም የሚከፋው ከሰዓት ነበር። ጠያቂው ይሄዳል፣ ከተማው ይተኛል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ አይዞርም። ፍርሃት ወደ እኔ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ሌላኛውም እግሬ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ጣቶቹን እያንቀሳቀስኩ አረጋግጣለሁ።

ኩባንያው አልከፈለም። የመጣው የኩባንያው ሐኪም የሕክምና ታሪኬን አነበበ። እኔ እየዘባረቅኩ ሳለሁ የሆስፒታሉ ሐኪም ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ ፈትሒያን ጠይቋት ነበር። እሷም ውሃ ጥሙን፣ ሱሪውን፣ ጉንዳኑን፣ ቁስሉን፣ ሁሉንም እንደነበረ ነገረችው። ተጻፈ። ቀድሞ የነበረ ሕመም ሆነ።

ያን ዕለት ለሚስቴ ያልኳትን ብረሳው ደስ ይለኛል።

"አንድ ቀን እንኳ አፍሽን ብትዘጊ ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ የታገስኩትን በአንድ አፍ አጠፋሽው።"

የአልጋዬን አንሶላ እያስተካከለች ነበር። እጇ ቆመ።

"ሐኪሙ የጠየቀኝ ሊያድንህ ነው" አለች። "ብዋሸው በምን ያክምህ ነበር? ውልህን ሳይሆን አንተን ነው ያየሁት።"

ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ታመጣለች፣ ቁስሌን ታጥባለች፣ ነገር ግን አታወራኝም። እኔም ይቅርታ ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ። አልኳት፤ እሺ አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችንንም በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ነገር ጎድቶናል።

የሱቄ ዕቃ በጅምላ ተሸጦ ለሕክምናው ሄደ። የሰፈራችን አፎሻ፣ በደስታም በሐዘንም የምንረዳዳበት ማኅበር፣ ምግብ እየያዘ ጠየቀኝ፣ ዱዓ አደረገልኝ። ብሞት ጀናዛዬን አንስተው ቤተሰቤን ያስተዛዝኑ ነበር፤ ለሕክምና መክፈል ግን ደንባቸው ውስጥ የለም። ያም ሆኖ የክፍሉ በር ላይ ቆመው ፈገግ ያሉልኝን አልረሳም። ኻሊድም መጣ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ለራሱም ቢሆን ያንኑ ምክር ይሰጥ ነበር።

በሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ፈትሒያ እኔን ሳትጠይቅ የቀበሌው መድን ውስጥ አስገባችን። አሁን በእሱ ነው የምታከመው። ወርቅ ነው አልልም። የክትትል ቀን ማለዳ ሄጄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ እይዛለሁ፤ እዚያ አባባ ሙሜ ከሚባሉ የመልካ ጀብዱ ገበሬ ጋር ተወዳጀን። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ በዚሁ መድን ረጅም ጊዜ ታክመዋል፤ ሁለት እግራቸው ላይ ቆመዋል። በማማረር ግን እኔም አልደርስባቸውም።

"ቆሪቻ አልቋል ይሉሃል" ይላሉ፣ መድኃኒቱን በኦሮምኛ እየጠሩ። "ከውጭ ግዛ ይሉሃል። ሪፈር ረስተህ ከመጣህ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስ ይሉሃል። በዚህ ፀሐይ።"

"ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ አባባ?"

"የት ልሂድ?" አሉኝ። ከፌስታላቸው ውስጥ ውሃቸውን አውጥተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ወረፋቸው ሲደርስም ክራንቼን አይተው "አንተ ቅደም" አሉ፤ እምቢ ብል አልሰማ አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ኢንሱሊን ራሴን እወጋለሁ። ያ የፈራሁት መርፌ ትንኝ ያህል እንኳ አያምም። ስኳሬ ወርዷል፣ ጥሙ ጠፍቷል፣ ገላዬም ሞልቶ የድሮው የሱሪ ቁጥሬ ላይ ልደርስ ነው፤ የሱሪው አንድ እግር ግን ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ሱቄን ከሌላ ነጋዴ ጋር ተካፍዬ እሠራለሁ።

ሰዎች አሁንም ይመጣሉ። ስለ ኢንሹራንስ የሚያውቅ ሰው ጀማል ነው ተብሎ ቀርቷል፤ በእግሬም ምክንያት የባሰ አምነውኛል። "የቱ ይሻላል? የኩባንያው ነው የቀበሌው?" ይሉኛል። ልዩነቱን እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ጤነኛ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ጤነኛ ሰው ኢንሹራንስ ትዝም አይለውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይሄ ይሸፍናል ወይ፣ ያ ይሸፍናል ወይ እያለ የሚያወዳድር ሰው የሆነ ቦታ ሕመም ይዞታል። ስለዚህ መልሱን ሳልጨርስ "የት ጋ ነው የሚያምህ?" እላለሁ። አብዛኛው ወሬ ይቀይራል። አንዳንዱ ይቆጣኛል። አንዱ ሆዱን ይዞ እዚያው ተቀመጠ። ዛሬውኑ ተመርመሩ እላቸዋለሁ፤ የሕመሙን ስም ማወቅ ከየትኛውም ውል ይቀድማል። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ግን አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ፈትሒያ ሱቅ መጥታ ሱሪ እያጠፈችልኝ ነበር። እኩለ ቀን አልፏል፤ ገበያው ጭር ብሏል። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ።

"ጀማል፣ ይሄ የቀበሌው መድን፣ ጤና ጣቢያ ካልቻለው ሆስፒታል ይልካል አይደል? ለሴት ነገርም ያው ነው?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። 

"የት ጋ ነው?" አልኳት።

የያዘችውን ሱሪ አጥፋ አስቀመጠች። ሌላ አነሳች።

"ጡቴ ላይ" አለች። "ትንሽ ነገር ናት። አታምም።"

"መቼ ጀመረሽ?"

"አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለህ። መጀመሪያ አንተ ዳን ብዬ ነው።"

በእግሬ ጊዜ ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ። ክራንቼን አንስቼ ተነሳሁ።

"አሁን እኮ ካርድ ክፍሉ ዝግ ነው" አለች። "ሰው ሁሉ ተኝቷል። ነገ በጠዋት እንሄዳለን።"

"ደጁ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን" አልኳት።

የሱቁን በር እሷ ዘጋችው፤ እኔ ማጎንበስ አልችልም። ጤና ጣቢያው ስንደርስ እንዳለችው ዝግ ነበር። የግድግዳው ጥላ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ እሷን እዚያ አስቀምጬ እኔ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ።